ለመስቀል ወደ ጉራጌ

የጳጉሜን ዝናብ ሳያባራ መርካቶ ውስጥ ወደ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ገብታችሁ ዋጋ ብትጠይቁ፥ ሰውዬው በአፉ ዋጋውን እየነገራችሁ ልቡ ግን ሌላ ስፍራ እንደ ሆነ ትመለከታላችሁ። ከባንኮኒው ሥር በገመድ የታሰረ ካርቶን አለ፤ በካርቶኑ ላይ አዲስ ጃንጥላ፥ በጃንጥላውም ላይ ለእናት የተገዛ ነጠላ ተቀምጦአል። ስልኩ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል፤ እርሱም ደንበኛውን ረስቶ፥ «በሬው ተገዛ ወይ? ቅቤውስ ደረሰ? እንጨቱ ተፈለጠ?» እያለ ይጠይቃል። በዚያ ሰሞን ከጉራጌ ነጋዴ ላይ ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ራሴ የጉራጌ ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

መስከረም ከባተ ጥቂት ቀን እንዳለፈ ግን ካርቶኑም ነጋዴውም በሱቁ ውስጥ አይገኙም፤ በሩ ተዘግቶ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ሊስትሮው ሳጥኑን ለጓደኛው አደራ ይሰጣል። ክትፎ ቤቱ «ለመስቀል ዘግተናል» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። መርካቶን የሚያውቅ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ሸመታውን ቀደም ብሎ ይጨርሳል። የሚሄዱበት ስፍራ አንድ ነው፤ አገር ቤት።

ይህ ነገር የአንድ ወገን ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸምነው የዶርዜ ተወላጅም ለመስቀል ወደ ጋሞ ተራራ ይሳፈራል፤ የወላይታም ልጅ ለጊፋታ እንዲሁ ያደርጋል። ከጉራጌም መካከል እስላሙ ወገን በገፍ ወደ አገሩ የሚመለሰው ለዐረፋ ነው። ነገር ግን ሰው የሚያውቀውን ቢናገር ይሻላልና፥ እኔ የማውቀው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና፥ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ፥ ከወልቂጤ ወደ ግራ ታጥፎ፥ ቸሃ ውስጥ እምድብር አጠገብ የሚያበቃውን መንገድ ነው። ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከልጅነቴ ጀምሮ በፈቃዴ አንድ ዓመት ብቻ ጎድዬ ሁል ጊዜ ሄጄበታለሁ። ስለዚያች ስለ ጎደልሁባት ዓመት ኋላ እናገራለሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ውስጥ ከአባቴ ጋር እየኖርን እንማር ነበር፤ እናቴ ግን እንሰቱን፥ ከብቱንና አያታችንን ይዛ አገር ቤት ነበረች። ብዙ የጉራጌ ቤተ ሰብ እንዲህ በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይኖር ነበር። አባት በከተማ ይነግዳል፤ እናት በአገር ቤት ይዞታውን ትጠብቃለች፤ ሁለቱ ወገኖች ሳይቀሩ የሚገናኙበት ቀን መስቀል ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ዓመት የሚቈጠረው ከእንቍጣጣሽ ሳይሆን ከመስቀል ነበር። «ይህ የሆነው መቼ ነው?» ቢባል፥ «ከመስቀል በፊት ነው» ወይም «ከመስቀል በኋላ ነው» እንላለን፤ ወሩን የሚጠይቅ የለም።

ጉዞው የሚጀመረው ከመናኸሪያ ሳይሆን ከዋዜማው ማታ ነው። አባቴ ዕቃውን ሦስት ጊዜ ያስሩታል፥ ሦስት ጊዜም ይፈቱታል። ለእናቴ ቀሚስ፥ ለአያቴ ጋቢ፥ ለጎረቤት ስኳርና ሳሙና፥ ለፋኖሱም ብርጭቆ በገለባ ተጠቅልሎ ይገባል። ብርጭቆውን በጭኑ ላይ አድርጎ እስከ አገር ቤት የማድረሱ ሹመት የታናሹ ልጅ፥ ማለት የኔ ነበር። አንድ ዓመት እንቅልፍ ወሰደኝና ቱሉ ቦሎ ላይ ሰበርሁት። አባቴ ምንም አልተናገሩኝም፤ ወሊሶ ሲደርሱ ወርደው ሌላ ገዙና መልሰው በጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሹመቴን እንዳልሻሩብኝ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ እንደርሳለን። በመስቀል ሰሞን እዚያ ያለውን ግፊያ ያየ ሰው ያውቀዋልና አልዘረዝረውም። ወንበር ከተገኘ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ ጸጥ ያለ ይመስላል። አባቴ ያማትባሉ፤ ወንድሜ መስኮቱን ይይዛል፤ እኔ ብርጭቆዬን አቅፋለሁ።

አባቴ በዚያን ቀን ቁርስ ከቤት አይበሉም፤ እኛም እንድንበላ አይፈቅዱም ነበር። ቁርስ የሚበላው ወሊሶ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና የሄዱ ዕለት ወሊሶ ላይ ዳቦ በሻይ በልተው ደኅና እንደ ገቡ ነገሩን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ ቢበላ መንገዱ የሚከፋ ይመስላቸው ነበር። እኛ በረኃብ እየተቁነጠነጥን፥ ተሳፋሪው ሁሉ ቆሎውን ሲቆረጥም እያየን፥ 114 ኪሎ ሜትር በባዶ ሆዳችን እንሄዳለን። ይህ ልማድ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ የለኝም። ነገር ግን ዛሬም ከልጆቼ ጋር ስሄድ ቁርስ የምንበላው ወሊሶ ነው።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው በመልካ ቁንጥሬና በጥያ በኩል ወደ ቡታጅራ ይወርዳል፤ ሶዶዎችና መስቃኖች የሚሄዱበት ነው። የእኛ ወደ ጅማ የሚወስደው ነው። በመስቀል ሰሞን ከመገንጠያው ላይ በሁለቱ ወገን አውቶቡሶች ያሉ ሰዎች በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ይሰነባበታሉ። ከዚያ በኋላ የበቾ ሜዳ ይመጣል። ጥቁሩ አፈር የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ያብረቀርቃል፤ ጤፉ ገና ለጋ ነው፤ በመንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባው ፈንድቶአል። ከወሊሶ ወዲያ ደግሞ ከየቤቱ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሕግ አለ። የመጀመሪያውን እንሰት ያየ ልጅ ጮኾ ይናገራል፤ ለዚህም ከአባቴ ኪስ አንዲት ከረሜላ ትሰጠዋለች። ያ እንሰት የት እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት በስተጀርባ ነው፥ ካምናውም አልተነቃነቀም። ቢሆንም ወንድሜ ቤቲቱ ገና ሳትታይ ይጮኻል፤ እኔም «አላየኸውም፥ ዋሽተሃል» እላለሁ፤ አባቴም ለሁለታችን ይሰጡናል። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች በልጆች ጩኸት ሲስቁ ትሰሙ ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ አፋቸውን ይዘው ነው እንጂ ዓይናቸው የሚፈልገው ያንኑ ነበር።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር የሚወስደውን መንገድ እንደ ያዝን አባቴ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ጥቂት እንደ ተጓዝን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያሳዩ፥ «እዚህ ላይ የኔ ድንጋይ አለች» ይላሉ። ይህን ቃል ለመረዳት የመንገዱን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ጅማ የሚወስደው ዋናው ጎዳና በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን፥ ቸሃን፥ እዣን፥ ጉመርን፥ እነሞርን ወደ ጎን ትቶ ያልፋል። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ በኋላም ቅድሚያ የተሰጠው ለዋና ዋናዎቹ መንገዶች ነበር። ስለዚህ ከመኪና የወረደ ሰው ዕቃውን በራሱ ተሸክሞ፥ ወንዝ እየተሻገረ፥ ጭቃ እየረገጠ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። በክረምት መጨረሻ ወንዙ ሞልቶ መስቀልን ከወንዝ ማዶ ሆኖ የዋለ ሰው እንደ ነበረ አያቴ ያጫውቱን ነበር፤ የደመራውን እሳት በዓይኑ እያየ ነው እንግዲህ።

ይህ የቈረቈራቸው የአዲስ አበባ ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ከመሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። ባለ ሱቁም፥ ሸክም አዳዩም፥ ሊስትሮውም እንደ አቅሙ አዋጣ፤ በዚህም ገንዘብ ከባለ ሥልጣኑ ጋር እየተባበሩ መንገዱን ወደ ውስጥ አገር አስገቡት። ማኅበሩ ኋላ ከመንገድ አልፎ ትምህርት ቤት ወደ መሥራትም ደርሶአል። የመንገድ ማኅበር ሲባል የምሁራን ነገር ይመስላል። ይህ ግን የተሠራው አብዛኛው ፊደል ባልቈጠረና መስቀልን ቤቱ ለመዋል በናፈቀ ሰው ገንዘብ ነው።

አባቴ በዚያን ጊዜ ገና ሊስትሮ ነበሩ። አሥር ብር በአምስት ጊዜ ከፈሉ። አንድ ጫማ በአሥር ሳንቲምና በአሥራ አምስት ሳንቲም ለሚጠርግ ልጅ አሥር ብር ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው። ደረሰኞቹን እስኪሞቱ ድረስ ከዳዊታቸው መካከል አስቀምጠዋቸው ነበር። ታዲያ በየዓመቱ «ድንጋዬ» እያሉ ያሳዩን የነበሩት፥ በዚያ አሥር ብር ተገዝታ ከመንገዱ ሥር ገብታለች የሚሏትን ነው። አንድ ጊዜ፥ አራተኛ ክፍል ሆኜ ሁሉን የማውቅ የመሰለኝ ጊዜ፥ «አባባ፥ አምና ከድልድዩ ወዲህ ነው ብለው ነበር፤ ዘንድሮ ከድልድዩ ወዲያ ነው ይላሉ» አልኋቸው። አባቴም ሳይቈጡ፥ «መኪና ሲሄድባት እርስዋም ትሄዳለች እንጂ ቆማ ትጠብቀኛለች?» አሉኝ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን፥ «የእኔዋስ ከዚያ ከኮረብታው ሥር ነች» አሉ። ሌላውም የራሱን ቦታ አሳየ። እምድብር እስክንደርስ ድረስ ያልተቈጠረ ድንጋይ አልቀረም።

እኔ እንደ መሰለኝ መንገድን የጋራ አድርጎ ማሰብ ለጉራጌ አዲስ ነገር አልነበረም። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎረን ያውቃል። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ሰርጉም፥ ለቅሶውም፥ የሽማግሌዎቹ ሸንጎም፥ የልጆች ጨዋታም እዚያው ነው። ደጁ ስለ ሆነ ብቻ ማንም አያርሰውም፥ ማንም አያጥረውም። እንደዚህ ባለ መንደር ውስጥ ያደገ ሰው መርካቶ ገብቶ ስለ መንገድ ቢያዋጣ አይደንቅም።

ከእምድብር በኋላ ያለችው ቀጭን መንገድ ግን ማንም ያላዋጣላት ነበረች። ጭቃው እስከ ጕልበት ይደርሳል። በልጅነቴ ከአውቶቡስ ወርደን በእግር እንሄድ ነበር፤ የመንደሩ ጎረምሶች ሊቀበሉን መጥተው ዕቃውን ይሸከሙልናል። ኋላ የጭነት መኪና መግባት ሲጀምር ደግሞ በየዓመቱ እዚያችው ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀራል፤ በአዲስ ጫማና በተተኰሰ ሱሪ የመጣው ሁሉ ወርዶ ይገፋል። ከአዲስ አበባ ሲነሣ ጌታ የነበረው ነጋዴ አገሩ የሚገባው እንደ ወጣበት ቀን ጭቃ ለብሶ ነው።

እናቴ በጀፎረው ጫፍ ቆማ ትጠብቀናለች። አታለቅስም፤ አትስቅምም። መጀመሪያ የፋኖሱን ብርጭቆ ከእጄ ትቀበላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔን የምታቅፈኝ።

ስለ በዓሉ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፋለሁ። ሥራው ዓመቱን ሁሉ ሲከናወን የቈየ ነው። ሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ ገብተው ቅቤውን ያጠራቅማሉ፤ ቆጮውን ፍቀው ከጉድጓድ ይከታሉ። ጎረምሶቹ ከወራት በፊት እንጨት ፈልጠው ያደርቃሉ፤ በሬው የአባቶች ዕዳ ነው። ቀኑ ከቤተ ጉራጌ ቤተ ጉራጌ ጥቂት ይለያያል። በደንጌሳት ማታ ልጆች ችቦ ያበራሉ፤ የጎመን ክትፎ በአይብና በቅቤ ይበላል፤ የእርዱ ቀን ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በየክትፎ ቤቱ የምትበሉት ክትፎ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጥቁር ጣባ ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎለት፥ ከቆጮ ጋር፥ ቅቤው በክንድ ላይ እየወረደ ሲበላ ካላያችሁት አላያችሁትም። በ2006 ዓ.ም. የመስቀል በዓል በዩኔስኮ መዝገብ በገባ ጊዜ የኛ መንደር ሰዎች በጣም ተደስተው ነበር፤ አንዲት አሮጊት ግን፥ «እስከ ዛሬስ የት ተመዝግቦ ኖሮ ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን ከምግቡ በፊት ያለው ነገር ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከአንድ ጣባ አይበላም። አንድ ዓመት አባቴና ታናሽ ወንድማቸው በእንሰት ማሳ ድንበር ተኳርፈው ነበር። ሁለቱም አዲስ አበባ የሚኖሩ፥ ሱቃቸውም የማይራራቅ ሲሆን፥ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። በሬው ታርዶ፥ ሥጋው ተዘርግቶ፥ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን በጀፎረው ላይ አስቀምጠው ነገሩን አዩት። ቀኑ እየመሸ ሄደ፤ እኛ ልጆቹ በረኃብ አለቅን። በመጨረሻም አጎቴ ተነሥተው የአባቴን ጕልበት ሳሙ፤ አባቴም ድንበሩን አንድ ረድፍ እንሰት ያህል ለቀቁላቸው። ይህ ዕርቅ በአዲስ አበባ ለምን አልሆነም ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እዚያ የሚሸሽበት ሱቅ፥ የሚያመካኙበት ሥራ አለ፤ ጀፎረው ላይ ግን ሥጋ ተዘርግቶ ልጆች እያለቀሱ መሸሻ የለም።

አሁን ወደ ጎደልሁባት ዓመት ልመለስ። ይህ በተለይ ለእናንተ፥ በቅርብ ጊዜ ሥራ ለያዛችሁና ለምትማሩ፥ ሳይጠቅም አይቀርም።

ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት ከተቀጠርሁ አራተኛ ወሬ ነበር። ደመወዜ የቤት ኪራይ ከከፈልሁና የሱቅ ዕዳ ካቃለልሁ በኋላ የሚተርፈኝ ለሁለት ሳምንት እንኳ የማይበቃ ነበር። ተምሮ ሥራ የያዘ ልጅ በባዶ እጁ ወደ መንደር እንዴት ይገባል? የጓደኞቼ ወላጆች ምን ይላሉ? ይህን ሳሰላስል ሰነበትሁና መስከረም 10 ቀን ለአባቴ፥ «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ» አልኋቸው። ውሸት ነበር። ፈቃድ አልጠየቅሁም። አባቴ ጥቂት ዝም አሉና፥ «የመንግሥት ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለው ከወንድሜ ጋር ሄዱ።

የደመራ ዕለት ማታ ከሕዝቡ ጋር ወጥቼ እሳቱን አየሁ፤ መዝሙሩንም ሰማሁ። ሁሉም መልካም ነበር። ወደ ሰፈሬ ስመለስ ግን ሱቁ ሁሉ ተዘግቶአል፤ የምበላበት ቤት ተዘግቶአል፤ በዱቤ የሚሰጠኝም ባለ ሱቅ በዚያች ሰዓት አገሩ ገብቶ ክትፎውን እየበላ ነበር። ከአንድ ዳቦ ቤት ያደረ ዳቦ ገዝቼ በውኃ በላሁ። ከዚያን ቀን በፊት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ሆኜአለሁ፤ እንደዚያች ማታ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ከዐሥር ቀን በኋላ አባቴ ሲመለሱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፥ ቅቤና ሁለት የተለያየ ጥቅል ቋንጣ አመጡልኝ። እናቴ ድርሻዬን ከበሬው ላይ አስቀርታ ዘልዝላ አድርቃው ነበር። «ሁለተኛው ጥቅል ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አባቴም፥ «እናትህ ለአለቃህ ልካለች። ለከርሞ እንዲፈቅድልህ ለምንልኝ ብላለች» አሉኝ።

ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ። ጥቅሉን እንዳልበላው የአለቃዬ ነው፤ እንዳልሰጠው ሰውዬው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። በማግሥቱ ግን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቢሮአቸው ገባሁና ከጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁት። አለቃዬ ደንግጠው፥ «ይህ ምንድር ነው? ጉቦ ነው?» አሉኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ወረቀቱን ሲያዩ ቈዩና፥ «እኔ ላልከለከልሁት ፈቃድ እማማ ካሣ ከፈሉ ማለት ነው» አሉ። ጥቅሉንም ወደ መሳቢያቸው አስገቡት። በዓመቱ መስከረም 8 ቀን ጠርተውኝ፥ «እስካሁን ማመልከቻህ አልደረሰኝም» ሲሉ የፈቃድ ወረቀቱን ራሳቸው ሞልተውት አገኘሁ። ለእናቴም ጃንጥላ ላኩላት።

እናቴ በባዶ እጅህ መጣህ ብላኝ አታውቅም፤ ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ሐሳቡን ከባዶ አላመጣሁትም። መስቀል የትዕቢት በዓል የሆነባቸው ሰዎች አሉ። በተበደሩት ገንዘብ መኪና ተከራይተው የሚገቡ፥ ጎረቤት የገዛውን በሬ የሚበልጥ በሬ ለመግዛት እስከ ጥር የሚዘልቅ ዕዳ ውስጥ የሚገቡ አሉ። በበዓሉ ሰሞን ከታሪፍ በላይ የሚያስከፍለው ሚኒባስም የበኩሉን ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ነው አንዳንዱ ወጣት ስልኩን አጥፍቶ ከተማ የሚቀረው። ከልብ የማዝነው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሊያየው የሚጓጓው ሰው ካርቶኑን አይደለም የሚያየው።

ሳይፈልጉ የቀሩባቸው ዓመታትም አሉ። በ2013 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ቤት ተለያይቶ ዋለ። በቅርቡ ዓመታትም የመንገዱ ጸጥታ ሥጋት ሆኖ፥ ሰው ከመሳፈሩ በፊት መንገዱ ደኅና መሆኑን ደውሎ የሚጠይቅበት ጊዜ መጥቶአል። አያቶቻችን የሚጠይቁት ስለ ወንዙ ነበር። የዚያን ጊዜው ድልድይ ተሠራለት፤ የአሁኑ ምን እንደሚሠራለት የሚያውቅ ቢኖር ማዋጣቱን አንተውም።

አባቴ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። የመስቀል ጉዞአችን ግን አልተቋረጠም። ታላቅ ወንድሜ አሁን ቁርስ አሳላፊ ሆኖአል፤ ከረሜላው የኔ ድርሻ ነው። ያቺ ቆርቆሮ ቤት ፈርሳ በቦታዋ ባለ ፎቅ ቆሞአል፤ እንሰቱም ከፎቁ ጋር አልተስማማም መሰለኝ፥ የለም። ልጆቹ አሁን የሚጮኹት በሌላ እንሰት ነው፤ እርሱንም ማን መጀመሪያ እንዳየው ሁለት ዓመት ሙሉ ክርክሩ አላለቀም። የፋኖስ ብርጭቆ የሚፈልግ ስለ ሌለ ታናሽዋ ልጄ በጭኗ የምትይዘው ለአያቷ የተገዛ የቡና ስኒ ነው።

እናቴ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎአታል። በጀፎረው ጫፍ ቆሞ መጠበቅ ጕልበቷ ስለማይፈቅድላት በስልክ ትከተለናለች። ዓለም ገና ላይ ትደውላለች፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ትደውላለች፤ ወሊሶ ላይ፥ «በላችሁ?» ትላለች። ከወልቂጤ ከታጠፍን በኋላ ያለውን ስልክ የምታነሣው ታናሽዋ ልጄ ነች። አምናም እንዲሁ ጮኸና አነሣችው።

«የት ደረሳችሁ?» አለች እናቴ።

ልጄ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየት አደረገችና፥ «አያቴ ድንጋይ ላይ ነን፥ እማማ» አለቻት።

እናቴም የትኛዋ ድንጋይ እንደ ሆነች አልጠየቀችም። «እንግዲያውስ ጀበናውን ልጣድ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።